ነጥቦቹ ጥቂት፣ ቦታቸውም አጠራጣሪ ሲሆን፦ ሁለት የጉዞ ዱካዎች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ መለኪያ መንገድ

አንድ መኪና ውስጥ ሁለት የጂፒኤስ መሣሪያዎች አሉ እንበል። መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 1,000 ሜትር ማለት ነው። መሣሪያ «ሀ» በ0፣ በ4 እና በ8ኛው ደቂቃ ቦታውን ይመዘግባል። መሣሪያ «ለ» ደግሞ በ2፣ በ6 እና በ10ኛው ደቂቃ። ስለዚህ የ«ሀ» ነጥቦች 0፣ 4,000 እና 8,000 ሜትር ላይ ይወድቃሉ። የ«ለ» ደግሞ 2,000፣ 6,000 እና 10,000 ሜትር ላይ።

አሁን መሣሪያ «ሐ»ን ጨምሩ። ይሄኛው ያለው ሌላ መኪና ውስጥ ነው። መኪናው 300 ሜትር ርቆ በሚገኝ ትይዩ መንገድ ላይ፣ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። የሚመዘግበውም ልክ እንደ «ሀ» በ0፣ በ4 እና በ8ኛው ደቂቃ ነው።

ለ«ሀ» የሚቀርበው የቱ ነው? «ለ» ነዋ! አንድ መኪና ውስጥ ናቸው። ነጥብን ከነጥብ የሚያነጻጽር ስሌት ግን ሌላ ይላችኋል። «ሀ» እና «ለ» 2,000 ሜትር ይራራቃሉ፣ «ሀ» እና «ሐ» ግን 300 ሜትር ብቻ። በዚህ ስሌት የማይተዋወቁት ሁለት መኪኖች ከአንዱ መኪና ይልቅ ተመሳሰሉ ማለት ነው።

ይህ ለማሳመር የተፈጠረ እንግዳ ምሳሌ እንዳይመስላችሁ። የታክሲ ዳታ፣ የእንስሳት አንገት ላይ የሚታሰር መሣሪያ፣ የስልክ ማማ መዝገብ፣ ሁሉም ላይ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ነጥቦች ዱካው አይደሉም። ዱካው በነጥቦቹ መካከል ያለው ያላየነው ጉዞ ነው። ስለዚህ ማነጻጸር ያለብን ነጥቦቹን ሳይሆን፣ ነጥቦቹ «የት ሊሆን ይችላል» ብለው የሚነግሩንን ነገር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምንሠራ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄያችሁን ለዩ

«ይመሳሰላሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ተደብቀዋል።

• በአንድ መንገድ ሄደዋል ወይ? እዚህ ሰዓቱ አያገባንም።
• በአንድ ጊዜ አብረው ነበሩ ወይ? እዚህ ሰዓቱ ዋናው ነገር ነው።
• ተመሳሳይ ቦታዎችን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ረግጠዋል ወይ? እዚህ ፍጥነትም ትክክለኛው መስመርም ብዙ ለውጥ አያመጡም።

አንድ አውቶቡስ ጠዋትም ማታም በዚያው መስመር ይሄዳል። ለመጀመሪያው ጥያቄ የጠዋቱና የማታው ጉዞ አንድ ናቸው። ለሁለተኛው ግን ምንም አይገናኙም። አልጎሪዝም ከመምረጣችሁ በፊት የቱን እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ይህን የዘለለ ሰው ቁጥር ያገኛል፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቅም።

ደረጃ 2፦ ከዳታው ጋር ተዋወቁ

መጀመሪያ በተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለውን የጊዜ ክፍተት አውጡ። አማካዩን ብቻ አትመልከቱ። አንድ መሣሪያ ለአንድ ሰዓት በየሰከንዱ መዝግቦ ከዚያ ለስድስት ሰዓት ዝም ቢል፣ አማካዩ ከ10 ሰከንድ በታች ሆኖ ቁጭ ይላል። ስድስት ሰዓቱ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ መካከለኛውን ዋጋ፣ ከመቶ ዘጠናኛውን (90 በመቶው ክፍተት ከእሱ የማይበልጥበትን) እና ትልቁን ክፍተት አንድ ላይ አስቀምጧቸው።

ቀጥሎ ቦታው ከየት እንደመጣ እወቁ። ዘመናዊ ስልክ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ በጂፒኤስ 5 ሜትር ገደማ ይሳሳታል። ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ሲገባ ሲግናሉ ግድግዳ እየነካ ስለሚመጣ ስህተቱ አሥር፣ ሃያ ሜትር፣ ከዚያም በላይ ይሆናል። ከስልክ ማማ የተገኘ ቦታ ደግሞ ከመቶዎች ሜትር እስከ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ሊስት ይችላል። እነዚህን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ነጥቦቹ ለምን ጥቂት ሆኑ? አንዳንድ መሣሪያዎች ባትሪ ለመቆጠብ የሚመዘግቡት ሲንቀሳቀሱ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ዝምታ ማለት «ቆሜያለሁ» ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ሕንፃ ውስጥ ሲገባ ሲግናል ያጣል፤ ዝምታው «ቤት ውስጥ ነኝ» ማለት ነው። ሌላው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ያኔ ዝምታው ከፍተኛ ጉዞ ነው። ሦስቱም ባዶ ክፍተት ይመስላሉ፣ ትርጉማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቁት። ይህን ማወቅ የትኛውንም ረቂቅ ቀመር ያስንቃል።

በመጨረሻም ተራ ጉድፎችን ፈልጉ፦ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተለዋውጠው የገቡበት፣ ሁለቱም ዜሮ የሆኑበት (ካርታ ላይ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የሚወድቅ ነጥብ)፣ የሰዓት ቀጠናው የተቀላቀለበት፣ እና ጊዜው እየተቀየረ ቦታው እስከ መጨረሻው አሃዝ ሳይነቃነቅ የሚደጋገምበት። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የቆየ ቦታ በአዲስ ሰዓት ተመልሶ የተላከ ነው። መቆም ይመስላል እንጂ መቆም አይደለም። እውነተኛ መቆም ላይ ጂፒኤሱ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ደረጃ 3፦ ወደ ሜትር ቀይሩ

በዲግሪ ርቀት አታስሉ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ የትም ቦታ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ግን ምድር ወገብ ላይ 111 ሆኖ፣ 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ሲደርስ በግማሽ ያንሳል። በዲግሪ ካሰላችሁ ምሥራቅና ምዕራብ ሳታስቡት ይለጠጣል። ቦታው ከአንድ ከተማ የማይሰፋ ከሆነ ኬንትሮሱን በኬክሮሱ ኮሳይን አባዝቶ፣ ከዚያ ሁለቱንም በ111,000 ሜትር ማባዛት በቂ ነው። ሰፊ ከሆነ ተገቢ የካርታ ፕሮጀክሽን (ክብ ምድርን ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የሚያሳርፍ ስሌት) ተጠቀሙ። አለቀ።

ደረጃ 4፦ አጽዱ፣ ግን እጃችሁ አይብዛ

የተለመደው ማጽጃ የፍጥነት ወንፊት ነው። ከአንድ ነጥብ ወደ ቀጣዩ ለመድረስ የማይቻል ፍጥነት የሚጠይቅ ነጥብ ይጣላል። ጥሩ ነው፣ ግን ስህተቱን ሳታገናዝቡ አትጠቀሙበት። ቆሞ ያለ ስልክ በየ3 ሰከንዱ ቢመዘግብ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ 10 ሜትር ያህል ቢስት፣ የሁለቱ ነጥቦች ልዩነት 14 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ በ3 ሰከንድ ሲካፈል በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጭ ያለ ሰው የሚሮጥ መሰለ ማለት ነው። ስለዚህ ከርቀቱ ላይ የሚጠበቀውን ስህተት ቀንሳችሁ ነው ፍጥነቱን የምትገምቱት።

የመቆሚያ ቦታዎችን ደግሞ ሰብስቡ። አንድ መኪና ለ10 ደቂቃ ቆሞ በየሰከንዱ ቢመዘግብ፣ 600 ነጥቦች አንድ ቦታ ላይ ይከመራሉ። እነዚህን አንድ «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት እዚህ ቆሟል» የሚል መዝገብ አድርጓቸው። ካልሆነ በኋላ መለኪያው ሁሉ በመቆሚያው ይዋጣል፤ ጉዞው አይታይም።

አጠራጣሪ ነጥብ ሲገጥማችሁ ከመጣል ይልቅ ስህተቱን ሰፋ አድርጋችሁ ማስቀመጥ ይሻላል። ነጥብ በሞላበት ዳታ አንዱን መጣል ምንም አይደለም። ስድስት ነጥብ ብቻ ባለው ዱካ ላይ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ውድ ናት።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱን ነጥብ ደመና አድርጉት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን። ነጥቡን እንደ ብዕር ጭረት አትዩት። መሃሉ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ ክብ ደመና አድርጋችሁ አስቡት። የደመናው ስፋት የስህተቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው፤ ስህተቱ በተለምዶ ከመሃሉ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ከየት እናመጣለን? አንድሮይድ ስልኮች ከእያንዳንዱ ቦታ ጋር «ትክክለኛነት» የሚል ራዲየስ በሜትር ይሰጣሉ። ትርጉሙ እውነተኛው ቦታ በዚህ ክብ ውስጥ የመሆኑ ዕድል 68 በመቶ ነው ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ራዲየስ በቀጥታ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አድርገው ይወስዱታል። ትክክል አይደለም። 68 በመቶና አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እኩል የሚሆኑት በአንድ መስመር ላይ ነው። በሁለት አቅጣጫ በተዘረጋ ቦታ ላይ 68 በመቶውን የሚይዘው ክብ 1.51 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። ስለዚህ ራዲየሱን በ1.51 አካፍሉ። 15 ሜትር ከተባለ በየአቅጣጫው 10 ሜትር ገደማ ይሆናል። መሣሪያው የሚሰጠው የ50 በመቶ ክብ ከሆነ በ1.18፣ የ95 በመቶ ከሆነ በ2.45 ታካፍላላችሁ።

መሣሪያው ምንም ካልነገራችሁ፣ ቆሞ የነበረበትን ጊዜ ፈልጉና ነጥቦቹ ምን ያህል እንደተበተኑ ለኩ። ይህ በመጠኑ ዝቅ ያለ ግምት ይሰጣል። የጂፒኤስ ስህተት በየሰከንዱ እንደ አዲስ አይወለድምና። አሁን ወደ ሰሜን ካጋደለ ከአምስት ሰከንድ በኋላም ወደዚያው ያጋድላል። ለዚህ ነው 60 ተከታታይ ነጥቦችን እንደ 60 የተለያዩ ምስክሮች መቁጠር የማይገባው። ብዙውን ጊዜ አንድ ምስክር ራሱን እየደገመ ነው።

ደረጃ 6፦ ክፍተቱን ሙሉ፣ ግን አትዋሹ

በሁለት ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር መሳል የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ክፍተቱ ሃያ ሰከንድ ከሆነ ችግር የለውም። ግማሽ ሰዓት ከሆነ ግን ያ መስመር ውሸት ነው። ሕንፃ ሰንጥቆ፣ ሐይቅ አቋርጦ ያልፋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መስመሩ መሃሉም ላይ እንደ ጫፎቹ እርግጠኛ መምሰሉ ነው።

የተሻለው መንገድ «ብራውኒያን ብሪጅ» የሚባለው ነው። ድልድይ አስቡ። ሁለቱ ጫፎች በሚታወቁት ነጥቦች ላይ ተተክለዋል። መሃሉ ግን ልል ነው፣ ይወዛወዛል። ከነጥቦቹ እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ደመናው ይሰፋል፤ ወደ ቀጣዩ ነጥብ ስትቀርቡ ይሰበሰባል። የዱር እንስሳት አጥኚዎች ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰፊው ይጠቀሙበታል፤ የእንስሳት መሣሪያ ብዙ ጊዜ በየጥቂት ሰዓቱ አንዴ ብቻ ይመዘግባልና።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የምትፈልጉት ቅጽበት ከክፍተቱ ውስጥ ምን ያህል ክፍልፋይ ላይ እንዳለ አስሉ፤ ግማሽ ላይ ከሆነ 0.5 ነው። የደመናው መሃል በቀጥታው መስመር ላይ እዚያው ክፍልፋይ ላይ ያርፋል። ቫሪያንሱ (የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስኩዌር) ደግሞ ከሦስት ነገሮች ይደመራል፦

• የክፍተቱ ርዝመት × ክፍልፋዩ × (1 − ክፍልፋዩ) × የእንቅስቃሴው ቫሪያንስ
• (1 − ክፍልፋዩ) ስኩዌር × የመጀመሪያው ነጥብ ስህተት ስኩዌር
• ክፍልፋዩ ስኩዌር × የሁለተኛው ነጥብ ስህተት ስኩዌር

«የእንቅስቃሴው ቫሪያንስ» ማለት ተንቀሳቃሹ ከቀጥታ መስመር ምን ያህል እንደሚያፈነግጥ የሚናገር ቁጥር ነው። ይህን ከራሳችሁ አታውጡ። ዳታው ራሱ ይነግራችኋል። ከዱካው ላይ በየሁለት ነጥብ አንዱን ደብቁ። በቀሩት ነጥቦች ድልድይ ሥሩና የተደበቁት የት እንደሚወድቁ ገምቱ። ለተደበቁት ነጥቦች ከፍተኛውን ዕድል የሚሰጠው ቁጥር ትክክለኛው ነው። እግረኛና የጭነት መኪና አንድ ዓይነት ቁጥር አይኖራቸውም፤ ለየብቻቸው አስሉላቸው።

በእጅ እንሞክረው። የእንቅስቃሴው ቫሪያንስ በደቂቃ 10,000 ስኩዌር ሜትር ይሁን። ክፍተቱ 4 ደቂቃ፣ የነጥቦቹ ስህተት 10 ሜትር። መሃሉ ላይ፦ 4 × 0.5 × 0.5 × 10,000 = 10,000። የሁለቱ ነጥቦች ድርሻ 25 + 25 = 50። ድምሩ 10,050፤ ስኩዌር ሩቱ 100 ሜትር ገደማ። ክፍተቱ 40 ደቂቃ ቢሆን መሃሉ 316 ሜትር ይደርስ ነበር። ክፍተቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ ጥርጣሬው ሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል።

መኪና ከሆነና የመንገድ ካርታ ካላችሁ ደግሞ ከድልድይ የሚሻል ነገር አለ። ነጥቦቹን መንገዱ ላይ ማሳረፍ ነው። ተመራማሪዎቹ ኒውሰንና ክረም በ2009 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ እስካሁን ብዙ ቦታ ይሠራበታል። ሁለት ነገር ያመዛዝናል፦ ነጥቡ ከመንገዱ ምን ያህል ራቀ? በሁለቱ ነጥቦች መካከል በመንገድ የሚኬደው ርቀት ከቀጥታው ርቀት ጋር ምን ያህል ተቀራረበ? ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የበለጠ የሚያስኬደውን መስመር ይመርጣል። ክፍተቱ ሲረዝም ግን ሁለት ሦስት መንገዶች እኩል ያስኬዳሉ። ያኔ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ሌሎቹን አትጣሉ። ሁሉንም ከነዕድላቸው ያዙ።

ፍጥነት ከመጠን ማለፍ እንደማይችል ብቻ የምታውቁ ከሆነም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ሁለት ነጥቦች 4 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፣ በመካከላቸው 6 ደቂቃ አለ፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በ6 ደቂቃ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይቻልም። ሊደርስበት የሚችለው ቦታ ሁለቱን ነጥቦች የከበበ እንቁላል መሰል ክልል ይሆናል፣ መሃሉ ላይ በግራም በቀኝም እስከ 2.2 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ። ይህ «በፍጹም ሊገናኙ አይችሉም ነበር» ለማለት ድንቅ መሣሪያ ነው። የሁለት ሰዎች ክልል ካልተነካካ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ገደብ ይኑራችሁ። ደመናው ከተማውን በሙሉ ከሸፈነ በኋላ ድልድይ መዘርጋት ትርጉም የለውም። ዱካውን እዚያ ላይ ቁረጡትና ሁለት የተለያዩ ዱካዎች አድርጓቸው።

ደረጃ 7፦ መለኪያውን ምረጡ

የታወቁት መለኪያዎች እያንዳንዳቸው ጠባይ አላቸው።

ሃውስዶርፍ፦ ከአንዱ ዱካ ላይ ለሌላው በጣም ሩቅ የሆነውን ቦታ ፈልጎ ያንን ርቀት ይሰጣል። ሰዓትም ቅደም ተከተልም አያውቅም። ስለዚህ ሄዶና ተመልሶ ለእሱ አንድ ናቸው። አንድ የተበላሸ ነጥብ ብቻውን ውጤቱን ገደል ይከተዋል።

ፍሬሼ፦ ሰውና ውሻው፣ መሃላቸው ገመድ። ሁለቱም በየመስመራቸው ወደ ፊት ብቻ ይሄዳሉ፣ እንደፈለጉ መፍጠንና መዝገም ይችላሉ። የሚያስፈልገው አጭሩ ገመድ መለኪያው ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሞሪስ ፍሬሼ ሐሳቡን ያቀረበው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። ቅደም ተከተል ያከብራል፤ ለመንገድ ቅርጽ ጥሩ ነው። ለአንድ ክፉ ነጥብ ግን እንደ ሃውስዶርፍ ሁሉ ደካማ ነው።

ዳይናሚክ ታይም ዋርፒንግ፦ ከንግግር መለያ ቴክኖሎጂ የመጣ ነው፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የታወቀ። ነጥቦችን እያጣመደ ርቀታቸውን ይደምራል። ነጥብ ለሞላበትና በእኩል ክፍተት ለተመዘገበ ዳታ ግሩም ነው። ነጥቦቹ ሲሳሱ ግን መግቢያው ላይ ያየነው ስህተት ውስጥ ይገባል፦ ለ«ሀ» እና «ለ» 6,000 ሜትር፣ ለ«ሀ» እና «ሐ» 900 ሜትር ይሰጣል። ደግሞም ስለሚደምር፣ ብዙ ነጥብ ያለው ዱካ በራሱ ጊዜ «ሩቅ» ይመስላል።

ረጅሙ የጋራ ቅደም ተከተልና ዘመዶቹ፦ ርቀቱን ትተው «ከዚህ ገደብ በታች ነው ወይስ አይደለም» ብቻ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የተበላሸ ነጥብ ብዙ አይጎዳቸውም። ገደቡን መምረጥ ግን የእናንተ ጣጣ ነው። በ100 ሜትር ገደብ የ«ሀ» እና «ለ» መመሳሰል ዜሮ ይወጣል።

ዳታችሁ በየጥቂት ሰከንዱ የተመዘገበ ንጹሕ ዳታ ከሆነ ከእነዚህ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌላ ድካም አያስፈልግም። ዳታው ከሳሳና ጥያቄያችሁ «አብረው ነበሩ ወይ?» ከሆነ ግን የደመናዎችን መደራረብ ለኩ። የእኔ ምርጫ ይህ ነው። መሃሉን ብቻ ሳይሆን የምናውቀውንና የማናውቀውን አንድ ላይ ይዞ ያስላልና። ጥያቄያችሁ ስለ መንገዱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ድልድዮቹን በካሬ በተከፋፈለ ካርታ ላይ አፍስሱና በእያንዳንዱ ካሬ የተጠራቀመውን ዕድል አነጻጽሩ። ሰዓቱ ይጠፋል፣ ጥርጣሬው ግን ይቀራል።

ደረጃ 8፦ አስሉት

ሁለቱም ዱካዎች የሚሸፍኑትን የጋራ ጊዜ ያዙ። ከዚያ ውጭ አትውጡ። በእኩል እርምጃ ተራመዱ፣ ለምሳሌ በየደቂቃው። በእያንዳንዱ ደቂቃ የሁለቱን ደመናዎች መሃልና ስፋት ከደረጃ 6 አውጡ። ከዚያ፦

• መሃሎቹ የሚራራቁትን ርቀት ስኩዌር አድርጉ።
• የሁለቱን ቫሪያንስ ደምሩ።
• የመጀመሪያውን በሁለተኛው እጥፍ አካፍሉ፤ ኔጌቲቭ አድርጋችሁ ኤክስፖኔንሻሉን ውሰዱ (ካልኩሌተር ላይ exp የሚለው)።
• ውጤቱን በዚህ አባዙ፦ 2 × የሁለቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብዜት ÷ የሁለቱ ቫሪያንስ ድምር።

የሚወጣው በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ነው። 1 የሚሆነው ሁለቱ ደመናዎች በመሃልም በስፋትም አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ወደ ሦስቱ መሣሪያዎች እንመለስ፤ የደረጃ 6ቱን ቁጥሮች እንጠቀም። የጋራው ጊዜ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ደቂቃ ይሁን። 2ኛው ደቂቃ ላይ «ለ» መዝግቧል፣ ቫሪያንሱ 100 ነው። «ሀ» ድልድዩ መሃል ላይ ነው፣ ቫሪያንሱ 10,050። ርቀታቸው ዜሮ። ውጤቱ 0.20 ገደማ። 3ኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱም እኩል ስፋት አላቸው፣ ርቀታቸውም ዜሮ ነው፤ ውጤቱ 1። እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። የሰባቱ ደቂቃዎች አማካይ 0.54 ይሆናል።

«ሀ» እና «ሐ»ስ? 4ኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱም መዝግበዋል፤ የሁለቱም ስፋት 10 ሜትር፣ ርቀታቸው 300። ውጤቱ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። 2ኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱም ድልድይ መሃል ስለሆኑ ትንሽ ይደራረባሉ፦ 0.11። 3ኛው ላይ 0.05። አማካዩ 0.05 ገደማ።

0.54 እና 0.05። አንዱ መኪና ከሌላኛው አሥር እጥፍ ገደማ በልጦ ወጣ። ዳታው ያው ነው፣ አንዲት ነጥብ አልተጨመረም።

2ኛው ደቂቃ ላይ ለምን 0.20 ብቻ ሆነ የሚል ካለ፣ «ሀ» ያኔ የት እንደነበረ በትክክል ስለማናውቅ ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የምትፈልጉት የመቀራረብ ዕድል ከሆነ በቀጥታ እሱን አስሉ። በዚያው 2ኛ ደቂቃ «ሀ» እና «ለ» ከ150 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ የነበሩበት ዕድል 67 በመቶ ይወጣል።

በየደቂቃው የሚወጡትን ዕድሎች ግን እርስ በርስ አታባዟቸው። ደረጃ 5 ላይ እንዳልኩት ተከታታይ ስህተቶች የተያያዙ ናቸው። እርምጃውን ከደቂቃ ወደ ሰከንድ ስላወረዳችሁት ብቻ መልሱ 60 እጥፍ እርግጠኛ መሆን የለበትም። አማካይ ውሰዱ።

ደረጃ 9፦ ሁሉም የሚሄድበትን መንገድ ቀንሱ

ሁለት መኪኖች ዋናው አውራ ጎዳና ላይ በአንድ ሰዓት መገኘታቸው ብዙ አይናገርም። ሁሉም እዚያ ነው። ሁለቱም አንድ ጠባብ መንደር ውስጥ በሌሊት ቢገኙ ግን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦታ ክብደት ስጡ፤ ብዙ ዱካ የሚያልፍበት ክብደቱ ይቀንስ፣ ጥቂት የሚያልፍበት ይጨምር።

ከዚያ ውጤታችሁን ከምንም ጋር ከማይገናኝ ነገር አነጻጽሩት። «ለ»ን በጊዜ አንሸራትቱት፤ በአንድ ቀን፣ በሁለት ቀን፣ በሳምንት፤ እየደጋገማችሁ ከ«ሀ» ጋር አስሉ። እንደገና ደግሞ «ሀ»ን ከማይዛመዱ ሁለት መቶ ዱካዎች ጋር አስሉ። እውነተኛው ውጤት ከእነዚህ ሁሉ በግልጽ ካልበለጠ፣ ምንም ያህል ትልቅ ቢመስል ውሃ አያነሳም።

ደረጃ 10፦ ሳትፈትኑ አትመኑ

ጥሩ ፈተና አለ፣ መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁበት። በብዛት የተመዘገበ ዱካ ውሰዱ። ጎዶሎ ተራ ቁጥር ያላቸውን ነጥቦች አንድ ዱካ፣ ሙሉ ተራ ቁጥር ያላቸውን ሌላ ዱካ አድርጉ። ሁለቱ የአንድ ተጓዥ ናቸው፣ የጋራ ነጥብ ግን አንድም የላቸውም። ይህን በሺህ ዱካዎች ላይ ሥሩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ግማሽ መለኪያችሁ ሌላውን ግማሽ ከሺው መካከል ስንተኛ አድርጎ እንደሚያወጣው ቁጠሩ። አንደኛ ካወጣው ተሳካለት።

ቀጥሎ አስቸግሩት። ነጥቦቹን በየጊዜው ግማሽ ግማሹን አውጡ። በየነጥቡ ላይ 20፣ 50፣ 100 ሜትር ስህተት ጨምሩ። መለኪያው የት ላይ መሰበር እንደሚጀምር ታያላችሁ። ያ መሰበሪያ ነጥብ ከዳታችሁ ትክክለኛ ክፍተት በታች ከሆነ መለኪያውን ቀይሩ።

ለልምምድ በነፃ የተለቀቁ ዳታዎች አሉ። የፖርቶ ከተማ የ442 ታክሲዎች መዝገብ ከሐምሌ 2013 እስከ ሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበ ነው፤ ነጥቡ በየ15 ሰከንዱ ስለሆነ ለመፈተኛ ተስማሚ ነው። ጂኦላይፍ የ182 ሰዎች ከ17,000 በላይ ዱካዎችን ይዟል፣ አብዛኛው በጥቂት ሰከንድ ልዩነት የተመዘገበ ነው። ቲ-ድራይቭ ደግሞ ከ10,000 በላይ የቤጂንግ ታክሲዎች የአንድ ሳምንት መዝገብ ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው አማካይ ክፍተት 3 ደቂቃ ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፈትኑ፣ በሦስተኛው የሳሳ ዳታ ምን እንደሚመስል ተማሩ።

ደረጃ 11፦ መልሱን በሦስት ክፈሉ

ውጤት ስታቀርቡ «ይመሳሰላሉ» እና «አይመሳሰሉም» ብቻ አይበቃም። «ከዚህ ዳታ ማወቅ አይቻልም» የሚል ሦስተኛ ሳጥን ያስፈልጋል። የሁለቱ ደመናዎች አማካይ ስፋት ከምትጠይቁት ርቀት የሚበልጥ ከሆነ ጥንዱን እዚያ ሳጥን ውስጥ ጣሉት። በ150 ሜትር መቀራረብ እየጠየቃችሁ ደመናው 2 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ዝቅተኛ ውጤት «አልተገናኙም» ማለት አይደለም። ከውጤቱ ጎን ሁልጊዜ ሦስት ነገሮች አስቀምጡ፦ የጋራ ጊዜው ርዝመት፣ በዚያ ውስጥ ያሉት እውነተኛ ነጥቦች ብዛት፣ ትልቁ ክፍተት።

ዱካዎቹ የሰዎች ከሆኑ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናትን አስታውሱ። 1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የያዘ የስልክ ማማ መዝገብ ላይ ተሠርቶ፣ 95 በመቶውን ሰው ከሌላው ለመለየት አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ በቅተዋል። ስም ማጥፋት ብቻውን ሰውን አይደብቅም። ዳታው የሳሳ መሆኑም አይደብቀውም። ስለዚህ ሥራውን ስትጨርሱ ጥሬ ነጥቦቹን አጥፉ፣ የሚቀመጠው ውጤቱ ብቻ ይሁን። ካርታ የምታሳዩ ከሆነም ጉዞው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ጥቂት መቶ ሜትር ቆርጣችሁ አውጡ። የሰው ቤት ያለው እዚያ ነውና።